ለምሽጉ ኃላፊ፦ ስለ ባሕሩ መስኮትና ስለ ገንቦዬ

ለክቡር ራዉፍ፣ የመርሳ ሰልማ ጥንታዊ ምሽግ ኃላፊ፣ ለከተማችን ልጅ፣ ባሕር ተሻግረው ተምረው ተመልሰው ላልተማርነው ለደረሱልን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአላህ ሰላም በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና ከማቀዝቀዣው የተነሳ በበጋ እንኳ ብርድ ልብስ በሚያስፈልገው ቢሮዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ጆሮዎን አላህ ይጠብቅልዎ። የጆሮዎን ነገር ለይቼ ማንሳቴ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለሚሉኝ ነው። ሰው ይህን ያህል ስብሰባ እየሰማ ጆሮው ካልደከመ የአላህ ሥራ ነው። እኔም ተጨማሪ ድካም እንዳልሆንብዎ ብዬ በጋዜጣ ጻፍሁልዎ፤ ጋዜጣ ሲሰለችዎ አጥፈው ማስቀመጥ ይችላሉ።

እኔ ማብሩካ ነኝ፣ የኦክቶፐስ አጥማጁ የኸሚስ ሚስት። ቤቴ ከምሽጉ ጀርባ ነው፤ የግንቡ ጥላ ከቀትር በኋላ ደጄ ላይ ያርፋል። ፊደል የቆጠርሁት ጥርሴ ካለቀ በኋላ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ለሴቶች በተከፈተው ትምህርት ስለሆነ፣ እጄ ብዕር ከመያዝ ይልቅ ስምንት ክንዱን ኦክቶፐስ እንዲለሰልስ በድንጋይ ላይ መቀጥቀጥ ይቀለዋል። ቃሌ ሻካራ ከሆነብዎ ከዚያ ልማድ የመጣ ነው ብለው ይለፉልኝ። ያለ አስተማሪዬ እርዳታ፣ ብቻዬን ከዳር እስከ ዳር ያነበብሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ የእርስዎ ነው፤ በምሽጉ በር ላይ ያስለጠፉት፣ «ማንኛውንም ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ኖሮ ዓይኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ከሆነ፣ መቼም ያበራለትን ማመስገን አለበት።

ምሽጉን ስላሳደሱልንም አመሰግናለሁ። ግድግዳው ነጭ ሆኗል፣ ፍየሎቹ ተባረዋል፣ ደረጃው ላይ ብረት ተተክሏል። እኛ ስንወጣበት ብረት ስላልነበረው የምንደገፈው እርስ በርሳችንን ነበር።

እርስዎ ለረጅም ጊዜ ውጭ ስለቆዩ ምናልባት ረስተውት ይሆናልና አንድ ነገር ላስታውስዎ። በእኛ ከተማ ሙት ሁሉ ይጠጣል። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይቦረቦራል፤ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ውኃ ይሞሉበታል፣ ወፍ ትጠጣለች፣ የወፏም እርካታ ለሟቹ ይደርሰዋል። ባሕር የበላው ሰው ግን ድንጋይ የለውም። ጨው ውጦ የሞተ ሰው ደግሞ ከሙታን ሁሉ ይልቅ የተጠማ ነው። ስለዚህ የኦክቶፐስ ወቅት በሚከፈትበት ዋዜማ፣ ጀልባዎቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ባሕር ሰው የወሰደብን ሴቶች ወደ ምሽጉ እንወጣለን፤ ከምሽጉ ጉድጓድ የዝናብ ውኃ ቀድተን በመድፉ መስኮት ወደ ባሕሩ እናፈስሳለን፤ ስሙንም እንጠራለን። ውኃው ድንጋይ ሳይነካ ባሕሩ ላይ መውደቅ አለበት። ድንጋይ የነካው ውኃ የድንጋዩ ነው ይሉ ነበር እናቶቻችን። ውኃ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት ቦታ በከተማችን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያ ወደ ባሕሩ ወጣ ብሎ የተሠራው መስኮት።

ኸሚስ ወጥመድ አድርጎ ባሕር ውስጥ በጣላቸው የሸክላ ማሰሮዎች ኦክቶፐስ ሊያወጣ ሄዶ ጀልባው ብቻ ተገልብጦ ሲመለስ ልጄ ናጂ ገና ይድህ ነበር። ሬሳ ስላልመጣ እስከ ዛሬ ሚስቱ ነኝ እላለሁ እንጂ የሟች ሚስት አልልም። ያን ጊዜ መስኮቱ ጋ ወረፋ ነበር፤ አንዷ አልቅሳ ሳትጨርስ ሌላዋ «ነይ በቃሽ፣ የኔም ሰው ጠምቶታል» ትላታለች፤ በዚያ ቀን እንኳ እንስቅ ነበር። የምትሞት ሴት ሟችዋን ለልጇ አደራ ብላ ትሄዳለች፤ ልጅ በቅርብ የሌላት ደግሞ ለጎረቤቷ። እንዲህ እንዲህ እያልን በመጨረሻ እኔና ጓደኛዬ ሐቢባ ቀረን። ከዚያ ሐቢባም ሄደች፤ እኔ ብቻዬን እየወጣሁ ማፍሰሱን ቀጠልሁ፤ ባለፈው ዓመት ግን አልተቻለኝም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ለባለ ሥልጣን ሲጻፍ ነገሩ በቁጥር ይቀመጣል ብላ አስተማሪያችን ስለነገረችን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት በዋዜማው ዕለት ልጄ ናጂ ከሚስቱ ከኢናስና ከሴት ልጁ ከራኒያ ጋር ባሕር ማዶ ካለችው ከማርሴይ መጥቶ ነበር። በሥራው ምክንያት ሁልጊዜ የሚመጣው በሐምሌ ነው፤ በዋዜማው ሲገኝ ካደገ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ለብሼ፣ ገንቦዬን ታቅፌ፣ ቤተሰቤን አስከትዬ ወደ ምሽጉ ወጣሁ። በር ላይ ጥበቃዎ ሂሸም ገንቦውን አየና፣ «እማማ ማብሩካ፣ ዕቃ አይገባም» አለኝ።

«ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶም ቢሆን ዕቃ ነው።»

«ከዚህ በፊት ይገባ የነበረውስ?»

«ከዚህ በፊት ፍየልም ይገባ ነበር፣ እማማ።»

ሂሸምን አልወቅሰውም፤ ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ፣ እሷም ምላሰኛ ነበረች። ልጄ ግን አፍሮ፣ «እማዬ፣ አታስቸግሪው፣ ሥራው ነው። እዚሁ አስቀምጪው፣ ስንወጣ እንወስደዋለን» አለኝ። አስቀመጥሁት። እንግዲህ የተማረ ልጅና የተማረ ኃላፊ ሲስማሙ እኔ ማን ነኝ።

ሁለተኛ። ጉድጓዱ ላይ የብረት ፍርግርግ አድርገውበት ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ስላበሩበት አመሰግናለሁ። ዓይኔ ስለደከመ ውኃ መሆኑን ለማወቅ አረንጓዴ መብራት ያስፈልገኝ ነበር።

ሦስተኛው ስለ መስኮቱ ነው፤ ረዘም ስለሚል እባክዎ ይቀመጡ፣ ተቀምጠውም ከሆነ ይደገፉ። ገንቦ ባይኖረኝም በእፍኜ ከቧንቧ ቀድቼም ቢሆን አፈስሳለሁ ብዬ ራኒያን እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኋት። መስኮቱ በወፍራም መስታወት ተዘግቷል። ከጎኑ የተለጠፈውን አነበብሁ፤ «ከዚህ ቦታ ጠባቂዎች የጠላት መርከብ ይጠባበቁ ነበር» ይላል። ከዚያ በታች «መስታወቱን አይንኩ» ይላል። ስለ እኛ የሚል አጣሁ፤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፣ ምናልባት ገና ስለምማር ይሆናል ያመለጠኝ ብዬ።

ራኒያ ከቋንቋችን የምታውቀው ሰላምታና የምግብ ስም ነው። ወደ ባሕሩ እያሳየሁ፣ «አያትሽ እዚያ ነው» አልኋት። አባቷን ዞር ብላ አየችው፤ እሱም በነሱ ቋንቋ አንድ ነገር አላት፤ ሳቅ ብላ ትታኝ ወደ መድፎቹ ሮጠች።

«ምን አልካት?» አልሁት።

«ተረት ነው አልኳት፣ እማዬ። ሕፃን ናት፤ ሌሊት ትባንናለች።»

«አባትህ ተረት ነው?»

ልጁ ወደ ሮጠችበት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ፣ «እኔ ፊቱን አላውቀውም እኮ። ባውቀው ኖሮ ካንቺ ቀድሜ እቆም ነበር። እዚህ ቆሜ ማንን ልጥራ? ነይ አሁን፣ ኢናስ ፎቶ ልታነሳን ነው» አለኝ።

ፎቶውን ተነሳን። ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምሁ፤ በዚያ መስኮት ለባሕሩ ጀርባዬን ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ኢናስ ጥሩ ልጅ ናት፤ «እማዬ፣ ፈገግ በይ እንጂ» ብላ ለመነችኝ። ፎቶውን በስልክ ልካልኛለች። ሁሉም አሉበት፤ ከኋላችን መስታወቱ ያበራል፤ በውነት ጥራቱ የሚደነቅ መስታወት ነው።

ይህን የእርስዎ ጥፋት ነው አልልም። ልጄን ባሕር ማዶ የላኩት እርስዎ አይደሉም፤ የአባቱን ፊት የነሱትም እርስዎ አይደሉም። ነገር ግን መስኮቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ እኔ ምንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር። ገንቦውን የራኒያ እጅ ላይ አድርጌ፣ የእኔን እጅ ከሥሩ ደግፌ አብረን እናፈስስ ነበር፤ ናጂም ልጁን ከኋላ ይይዛት ነበር፣ እንዳትወድቅ። ከዚያ ወዲያ እኔ ባልኖርም፣ ልጅቷ አንድ ቀን በመድፍ መስኮት ውኃ ማፍሰሷን ታስታውሳለች፤ ለምን ነበር ብላም ትጠይቃለች። አሁን የምታስታውሰው አረንጓዴውን መብራት ነው።

ስንወጣ ገንቦው ተረሳ። ፀሐዩ ከርሯል፣ ልጅቷ ርቧታል፤ ናጂ ታክሲ አስቁሞ፣ «ግቢ፣ እማዬ» አለኝ፣ ገባሁ። በማግሥቱ ብመለስ በር ላይ ሌላ ጥበቃ ነበር፤ ስለ ገንቦ የሰማ የለም። ጀልባዎቹም ወጥተው ነበር። እነናጂ ከሄዱ በኋላ ከምሽጉ ሥር ወዳለው ዓለት ወርጄ በጠርሙስ ውኃ ሞከርሁ፤ ማዕበሉ መልሶ እግሬ ላይ ደፋው። ኸሚስ ሳይጠጣ ዓመት ሆነው።

አራተኛ። ስለ ገንቦው መልካም ዜና አለኝ፤ ተገኝቷል። ዘንድሮ በጸደይ ያስመረቁትን አዲስ የቅርስ አዳራሽ እንድናይ አስተማሪያችን ወስዳን ነበር። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ፣ መብራት በርቶለት ቁጭ ብሏል። እጀታው ተሰብሮ ስለነበር ኸሚስ በመረብ ገመድ ጠምጥሞ በጀልባ ሬንጅ የለሰነው ነው፤ የአውራ ጣቱ ምልክት ሬንጁ ላይ አለ። ከሥሩ የተጻፈውን ለክፍል ጓደኞቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው፤ «የሸክላ ገንቦ። ዘመኑ ያልታወቀ። ለዘይት ማመላለሻ ያገለገለ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ አይታወቅም።» ሴቶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ለአስጎብኚዋ፣ «ልጄ፣ ይሄ የኔ ነው» አልኋት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «እማማ፣ ቅርስ የሁላችንም ነው» አለችኝ።

ልክ ብላለች። እንግዲያው የሁላችንም ከሆነ አንድ ነገር ልለምንዎ። ገንቦውን አይመልሱልኝ፤ በእኔ ቤት ቀይ ጨርቅ የለም። የምለምንዎ መስኮቱን ነው። ዘንድሮ የኦክቶፐስ ወቅት ሊከፈት ነው፤ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ጎብኚዎችዎ ምሳ ሲበሉ፣ ያ መስታወት ለአንድ ገንቦ ውኃ ያህል ይነሳልኝ። እኔ መግባቴ የሚያስቸግር ከሆነ እርስዎ ያድርጉት። ገንቦውን ከሣጥኑ ያውጡ፤ ሸክላ ውኃ ካላገኘ ይሰነጠቃል፣ ለቅርሱም ይበጃል። ከጉድጓዱ ይቅዱ፣ ግድግዳውን ሳያስነኩ ያፍስሱ፣ «ኸሚስ፣ የመሐሙድ ልጅ፣ ጠጣ» ይበሉ። ጮኽ ብለው፤ ነፋስ አለ። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። እኔ ስሞት የሚጠራው ሰው ስለሌለ አንድ ሰው ስሙን ከወዲሁ ቢለማመደው ደስ ይለኛል።

ሥልጣንዎን አላህ እንደ ምሽጉ ያጽናልዎ፤ መስታወትዎን ከአሸዋና ከአሮጊት እጅ ይጠብቅልዎ። ለደግነትዎ አስቀድሜ ምስጋና እያቀረብሁ፣ በጥላዎ ሥር የምኖር ጎረቤትዎ፣ በጽሑፍዎ መሠረት የማልታወቀው የገንቦ ባለቤት፣

ማብሩካ፣ የኸሚስ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ሐቢባ ያልኋት የትኛዋ ሐቢባ እንደሆነች ገብቶዎት ይሆናል። ካልገባዎት፣ የእናትዎ እናት ናት። አያትዎ ሳሌሕ ከኸሚስ ጋር በአንድ ጀልባ ነበር። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ «የልጄ ልጅ ውጭ አገር ትምህርት ላይ ነው፤ እስኪመለስ ድረስ ሳሌሕን አጠጪልኝ» አለችኝ። እኔም መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ፣ መጀመሪያ ለኸሚስ፣ ቀጥሎ ለእሱ፣ በዚያው ገንቦ አጠጣኋቸው። አሁን ተመልሰዋል። እንኳን ደህና መጡ።