ያልታመሙባት ረቡዕ፦ ወይዘሮ ኧርማ ዴል ፕሩዊት (1931–2019)

ወይዘሮ ኧርማ ዴል ፕሩዊት ከአባታቸው ከአቶ ኤሞስ ፕሩዊትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቫዮላ ግሪር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1931 በኒውአርክ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው፣ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በእኛ በጥቁሮች በሚሳለቁበት ዘመን፣ ሌላ በር ስላልነበረ እሳቸውም ጥላሸት ተቀብተው የዘፈኑ ሰው ነበሩ። አሜሪካ የምትኮራበት የሙዚቃ ቴአትር ከዚያ ጓሮ መምጣቱን ወይዘሮ ኧርማ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገሩ ነበር።

ዘፈን የተማሩት ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው። በ1957 በታላቁ የቴአትር ጎዳና በብሮድዌይ ሦስት ዘፈን ያለው የተዋናይነት ቦታ አገኙ። እሳቸው ቢታመሙ የሚተኩት የመዘምራን ጓደኛቸው ወይዘሮ ኦዴሳ ሊትልጆን ነበሩ። ኦዴሳ ስምንት ወር ሙሉ ተጠባበቁ፤ ኧርማን ጉንፋን እንኳ አልነካቸውም።

ተዋንያን አንዳንዴ ለተጠባባቂያቸው ሲሉ ያልያዛቸውን በሽታ ይታመማሉ፤ ደንብ ባይሆንም ወግ ነው። ወይዘሮ ኧርማም ኦዴሳን «ረቡዕ ከሰዓት ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ እናትሽን ጥሪ» አሏቸው። እናትየው ከፊላደልፊያ በባቡር መጡ።

ማክሰኞ ግን አንድ ታላቅ አዘጋጅ በማግሥቱ ትርኢቱን ሊያይ እንደሚመጣ ተሰማ። መጋረጃው ሊከፈት ግማሽ ሰዓት እስኪቀረው ድረስ በጓሮ በር ባለው ወረቀት ላይ ያልፈረመ ተዋናይ ቦታው የተጠባባቂው ነው። ወይዘሮ ኧርማ ለዚያ ገደብ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ደርሰው ፈረሙ። ኦዴሳ የለበሱትን ቀሚስ አውልቀው አቀበሏቸውና «ሞቅ ብሎልሻል» ብቻ አሉ። የኦዴሳ እናት ከሰገነት ሆነው የሌላ ሰው ልጅ ስትዘፍን አዩ።

አዘጋጁ ወደዷቸው፤ የሠላሳ ዓመት ዝናቸው ከዚያች ቀን ይጀምራል። ኦዴሳ በዚያው ዓመት መድረኩን ትተው የትምህርት ቤት መዝሙር አስተማሪ ሆኑ። ጋዜጠኞች የስኬታቸውን ምሥጢር ሲጠይቁ ወይዘሮ ኧርማ «ጤንነት» ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም።

በ1961 ከመለከት ነፊው ከአቶ ሌስተር ቦይድ ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች ወለዱ።

የሳንባ ሕመም ሲጠናባቸው ይህ ታሪክ ሳይሸፋፈን እንዲነበብ አዘዙ። ጸሐፊዋ የልጅ ልጃቸው ልታለዝበው ብትሞክር «የቀብር ውሸት አልወድም» ብለው ወረቀቱን መለሱላት። ከዚያ ለኦዴሳ ስልክ ደውለው በቀብራቸው ላይ እንዲዘፍኑላቸው ለመኑ።

«ኧርሚ፣ በዚህኛውስ እንደማትመጪ እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ኦዴሳ።

ወይዘሮ ኧርማ ኦክቶበር 21 ቀን 2019 በተወለዱ በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ወይዘሮ ኦዴሳ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ አሁን ይነሣሉ። እግዚአብሔር ለወይዘሮ ኧርማ ነፍስ ምሕረቱን ይስጣት፤ ዝም ብላ የምታዳምጥበትን ቦታም አይንፈጋት።