ከበሩ እስከ ፓፓያው፦ የወይዘሮ ማዕዶት በዛብህ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማዕዶት በዛብህ ከአባታቸው ከመምህር በዛብህ አየለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለቴ ዳልጮ ሚያዝያ 12 ቀን 1972 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ተወለዱ። አባታችን ከጎጃም ለማስተማር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እናታችን ደግሞ በከተማው አቅራቢያ ያለችው የጫኖ ልጅ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህታቸው ፋንታዬ ነኝ። አንቱታው ለወጉ ነው፤ ቤት ውስጥ ስንናደድ "አንቺ እልኸኛ" እየተባባልን ነው ያደግነው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1993 ዓ.ም. በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። ከዚያ ጀምሮ በጤና ጣቢያ ወባ ሲመረምሩ ኖሩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ቢያጉረመርምም ደሙን ሁለተኛ ጊዜ ሳያዩ ውጤት አይሰጡም ነበር። በ1997 ዓ.ም. በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ከሚያለሙት ከአቶ ዘካሪያስ ጉታ ጋር ጋብቻ ፈጽመው በ1999 መክሊትን፣ በ2002 ዕዝራን ወለዱ።

ዕዝራ ሰባት ዓመት ሲሆነው የእጅ ጽሑፉ ተበላሸ። መምህሩ ሲጠሩት አይሰማም፣ ሜዳ ላይ ይወድቃል። አዲስ አበባ ሲመረመር የአንጎልን ነጭ ክፍል የሚጎዳ፣ በእናት በኩል የሚወረስ፣ በወንዶች ልጆች ላይ የሚከፋና እምብዛም የማይገኝ በሽታ እንደያዘው ታወቀ። ለእሱ የሕክምናው ጊዜ አልፎ ነበር። ሐኪሙ ለማዕዶት እንዳስረዷቸው፣ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በሽታው ያለ መድኃኒት በምን ፍጥነት እንደሚሄድ መታወቅ አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ አይለይም። እሳቸውም ሲመለሱ አንድ ወፍራም መዝገብ ገዙ።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ዕዝራ ከግቢው በር እስከ ፓፓያው ዛፍ ይራመዳል፤ እናቱ ሰዓት ይዘው ይቆጥራሉ። መጀመሪያ አሥራ አንድ ሰከንድ። ከአራት ወር በኋላ ሃያ ስድስት። ቀጥሎ አባቱን ተደግፎ። "አልቻለም" ብለው የጻፉ ዕለት አጠገባቸው ነበርኩ፤ ቀኑን ከጎኑ አስፍረው መዝገቡን ዘጉ። ጨካኝ መስለውኝ ተቀየምኳቸው። ዕዝራ የካቲት 2012 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ልጅ አለ በተባለበት ሁሉ፣ ጫኖ እርሻ ድረስ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች ቤት ድረስ ሄዱ። ለወላጆች የሚሉት አንድ ነበር፦ "መድኃኒት አልያዝኩም፤ የያዝኩት መዝገብ ነው። ሙከራው ሲመጣ ተዘጋጅተን እንጠብቀው።" ያባረሯቸው አሉ። እናቶች የልጁ እግር የደከመበትን ጊዜ "ማንጎ ሲለቀም"፣ "ኩልፎ የሞላ ሰሞን" ብለው ይነግሯቸዋል፤ እሳቸው ወሩን አስልተው ይጽፋሉ። በዚህ መንገድ ዘጠኝ ቤተሰብ መዘገቡ።

የጎደለው የራሳቸው ገጽ ነበር። ሐኪሙ የሰጧቸው የጥናት ቅጽ በእናት በኩል የሦስት ትውልድ ታሪክ ይጠይቃል። ወላጆቻችን አልፈው ስለነበር በ2014 ዓ.ም. ወደ እኔ መጡ። እናታችን ገነነ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ በስምንት ዓመቱ ሞተ። ቤተሰባችን ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ነው ይላል። እኔ ግን የገነነ እኩያ ነኝ። ዓይኑ ሲደክም እጁን ይዤ መስኖው ዳር የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ዛፍ የሚወጣ እግር አልነበረውም።

ያን ሰሞን ልጄን አይዳን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎች ቤታችን ይመላለሱ ነበር። ሽማግሌ ደግሞ ዘር ያጣራል። ስለዚህ ለእህቴም "ከዛፍ ወድቆ ነው" አልኳት። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሦስት ጊዜ ዋሸሁ። የዘጠኙ ቤተሰብ ገጽ ለጥናቱ ተቀባይነት ሲያገኝ የእኛ "ያልተሟላ" ተብሎ ተመለሰ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሽታው በማዕዶት እግር ላይም ታየ። በከዘራ፣ ኋላም በተሽከርካሪ ወንበር እየሄዱ ራሳቸውን ከበሩ እስከ ፓፓያው ለኩ። ዘንድሮ በጥቅምት የሳንባ ምች ያዛቸው። እውነቱን ልነግራቸው የሄድኩት ኅዳር 2 ቀን ነው፤ ራሳቸውን አያውቁም ነበር። ጆሯቸው ሥር ሆኜ ነገርኳቸው፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ ዘካሪያስን፣ ልጃቸውን መክሊትን፣ እኔን፣ አይዳንና ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ልጇን ሊሻንን ትተው ሄደዋል። ቀድመዋቸው ያለፉት ወላጆቻችን፣ ልጃቸው ዕዝራና አጎታችን ገነነ ዳልጮ ናቸው። ገነነ በበሽታ እንደሞተ ስንናገር ይህ የመጀመሪያችን ነው። አይዳ ፈቅዳልኝ ይህንንም እጨምራለሁ፦ ከሰልስት በኋላ የሊሻን ደም ይመረመራል። በጊዜ ከታወቀ የሚደረግለት ነገር አለ። ከተወለደ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ ያባከንኩበት ግን እኔ ነኝ።

ትናንት መክሊት እስክሪብቶ ሰጠችኝ፤ የገነነን መስመር በእጄ ሞላሁት። መዝገቡ ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘመዶቻችን፣ በቤተሰባችን እንዲህ የታመመ የምታውቁት ካለ ከቀብር መልስ ለመክሊት ንገሯት፤ እንደ እኔ አትቆዩ።

ማዕዶት፣ እህቴ፣ ገጽሽ ሞልቷል። አምላክ ነፍስሽን ያሳርፋት፤ ዕዝራንም በሩ ድረስ እየሮጠ ይላክልሽ።