አውራ ጣቴን ላላወቀው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ዲጂታል ንግድ ትስስር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

እንደምን ከርመዋል? ሰባት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቼ አንድም ቀን ስላላገኘሁዎ፣ ታመው እንዳይሆን ብዬ እጅግ ተጨንቄ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን ሁልጊዜ «ስብሰባ ተቀምጠዋል» ስትለኝ፣ ተመስገን፣ ይህን ያህል መቀመጥ የቻለ ሰው ወገቡ ጤነኛ ነው ብዬ ተጽናንቼ ተመልሻለሁ። ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ ከሁሉም በላይ ከስብሰባው የሚነሡበትን ቀን ያምጣልዎ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አፉ የእኔ ነው፣ እጁ የልጄ። አንዳንድ ቦታ ላይ «አባዬ፣ ይቺስ ትቅር፣ ትልቅ ሰው ናቸው» ትለኛለች፤ እኔም ትልቅ ሰው ነኝ፣ ጻፊ ብያታለሁ። ቀንድ ሠሪ ነኝ። ከበሬ ቀንድ የካፖርት ቁልፍ መሥራት ከጀመርኩ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። መንገዳችን ላይ አሥራ አንድ ቀንድ ሠሪዎች ነበርን፤ ዛሬ የሚሰማው መጋዝ የእኔ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። በየመብራት እንጨቱ ላይ ያሰቀሉት ጨርቅ፣ ልጄ እንዳነበበችልኝ፣ «ከእንግዲህ ንግድ ድንበር የለውም» ይላል። እውነት ነው። ባሕር ማዶ ካፖርት የምትሰፋ አንዲት ሴትዮ ቁልፎቼን በልጄ ስልክ አየች፤ ናሙናውንም መንገደኛ አደረሰላት፤ «እንዲህ የሚያበራ ቁልፍ አይቼ አላውቅም፣ ሦስት ሺህ ይሥሩልኝ» ብላ ላከች። ታዲያ ሁለቱ አገሮች በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት ዕቃው የሚያልፈው ሠሪው በአሻራው መዝገብዎ ላይ ሲገባ ብቻ ነው ተባልኩ። ባሕሩ አላቆመኝም፣ ቋንቋው አላቆመኝም፤ ያቆመችኝ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለች የክብሪት ቀፎ የምታህል መስታወት ናት።

ቢሮ ቁጥር ይወዳል ስላለችኝ ልጄ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አውራ ጣቴን ሳስቀምጥባት መስታወቷ ቀይ በራች። ሠራተኛዎ መስታወቱን ወለወለች፣ ጣቴን ወለወለች፣ በመጨረሻም ግንባሯን ወለወለች። «አባባ፣ ጣትዎ ላይ እኮ ምንም የለም» አለችኝ። ከየት ይመጣል? ቁልፍ የሚያበራው በደቃቅ አመድና በዘይት፣ በባዶ አውራ ጣት ሲታሽ ነው፤ ጨርቅ ይቧጭረዋል፣ ጓንት ያደበዝዘዋል። ሴትዮዋ የወደደችውን ብርሃን ጣቴ ከፍሎበታል። «ሌላ ጣት የለዎትም?» ስትለኝ አሥሩንም በየተራ አቀረብኩ፤ ጫማዬን ላወልቅ ስል ነው ጥበቃው የያዘኝ።

ሁለተኛ፦ «ሁለት ወር ከሥራ ይረፉ፣ አሻራው ይመለሳል» ተባልኩ። ሠርቼ ለመሸጥ መጀመሪያ መሥራት ማቆም አለብኝ ማለት ነው፤ ይህን ጥበብ ያፈለቀውን ሰው ባገኘው ጉልበቱን እስም ነበር። ጣቴን እንደ መሬት ጦም አሳድሬ፣ ጠዋት ማታ ቅባት እየቀባሁ፣ ሰው እንኳ በግራ እጄ እየጨበጥኩ፣ ሃምሳ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። እንዲለሰልስ የቀቀልኩት ቀንድ ደርቆ ተሰነጠቀ። ትናንት ሄጄ ጣቴን ባስነካት መስታወቷ መጀመሪያ ቢጫ በራች፤ ልቤ ዘለለች፤ ከዚያ ቀይ ሆነች። ሠራተኛዎ «ትንሽ መስመር ጀማምሯል፣ አይዞዎት፣ ይግፉበት» አለችኝ፣ ምጥ እንደያዛት ሴት ቆጥራኝ።

ሦስተኛ፦ ይህን ልጄ ፊቷን አጥቁራ ነው የምትጽፈው፣ ባሏን ስለሚነካ። አማቼ አብሮኝ መጥቶ ሳለ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብሎ ጣቱን ቢያሳርፍባት ወዲያው አረንጓዴ በራች። አማቼ ደግ ሰው ነው፤ ከቀንድ ጋር የተዋወቀው ግን በሬ ያባረረው ቀን ብቻ ነው። ሠራተኛዎ ደስ ብሏት «እንግዲያው በእሳቸው ስም እንመዝግበዋ፣ ማን ያውቃል!» አለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሠሪ» የሚል ቦታ አለ፣ ፎቶግራፍም ይለጠፍበታል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ሥራ የእኔ ነው ብዬ አላውቅም፤ የእኔንም የሰው ነው አልልም።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው፤ መለመን ስላልለመድኩ ቢጎረብጥዎ ይታገሡኝ። ጣቴ ሁለት ወር ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል፤ ሴትዮዋ መመዝገቤን እንዳሳውቃት የቆረጠችው ቀን ግን ስምንት ነው የቀረው፤ ከዚያ ወዲያ የፋብሪካ ቁልፍ ትገዛለች። ልጄ ትዕዛዙ ከጸና አጠገቤ ተቀምጣ ሥራውን ልትማር ቃል ሰጥታኛለች፤ ካልጸና ባሏ እንጀራ ወዳገኘበት ከተማ ይሄዳሉ፣ እኔና መጋዜ እንቀራለን። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሌላ ሴትዮና ሌላ ስምምነት እስኪመጣ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። ከአባቴ የተቀበልኩትን ለማንም ሳላስረክብ ብሞት፣ ምን ፊት ይዤ ነው አባቴ አጠገብ የምቀበረው? የተከበሩ ሆይ፣ ሁለት አገር ያስማማ ሰው አንድ ሽማግሌና አንድ መስታወት ማስማማት አያቅተውም። ማሽንዎ ካላወቀኝ ሰው ይላኩልኝ፤ ዓይን ያለው ሰው። ስሠራ ቆሞ ይየኝና «ሠሪው እሱ ነው» ብሎ ይጻፍ። ሌላ አልጠይቅም።

ስለ ታላቁ ትዕግሥት፣ ማለትም ስለ እኔው ትዕግሥት፣ እያመሰገንኩዎ፣ መስታወቷን ለሚወለውሉ ሁሉ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም የማይቆረቁር ወንበር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
በመዝገብዎ የሌለው ቀንድ ሠሪ
(ከዚህ በታች ያለው ጥቁር ክብ የፈሰሰ ቀለም አይደለም፤ ፊርማዬ ነው።)

ማሳሰቢያ፦ ስምንቱ ቀን ሰባት ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ልጄ ትዕዛዙ እስኪጸና ሳትጠብቅ «እስቲ አሳየኝ» ብላ አውራ ጣቷን አመዱ ውስጥ ነከረች፤ ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው ቅባት የእሷ ነው። ዛሬ መስታወትዎ ያውቃታል፤ ሥራውን ያወቀች ዕለት ግን አያውቃትም። ሊመዘግቧት ካሰቡ ይፍጠኑ፤ እኛ ቤት ሙያ ሲገባ አሻራ ይወጣል።