የቦርጬ ውድቀትና የእማ ለቅሶ

ለውድ እህቴ ለሱልጣና፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? የጅዳው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ አነስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ ሌላ የጎደለኝ ቢኖር ቦርጬ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ የላክሁት እማ በስልክ «ሀሚድ ከስቶ አለቀልኝ» ብላ እንዳስለቀሰችሽ ስለሰማሁ ነው። ስልኩ የሷ ነውና አጠገቧ ተቀምጬ ላስተባብል አልቻልኩም። እንባሽን መልሺ፤ የሞተው ቦርጬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋሽ። ያኔ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየጠራኝ ወደ ሊማሊሞ ገደል ስገሰግስ ሾፌሩ ቻላቸው ከመንገድ መልሶኝ መድኃኒት መጀመሬን ታውቂያለሽ። መድኃኒቱ ድምፆቹን ጸጥ አሰኘ፣ ሆዴን ግን ቀሰቀሰው። ከማዕድ ሳልነሳ ይርበኝ ጀመር። በስድስት ወር አሥራ ስምንት ኪሎ ጨመርኩ። ገበያው ሁሉ «ማሻ አላህ፣ አማረብህ፣ ዳንክ» ይለኛል። እማ ደግሞ መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል ብላ ገንፎውን በቅቤ፣ ሻዩን በአምስት ማንኪያ ስኳር አጠናከረችው። ልብስ ሰፊው ሙጃሂድ ሱሪዬን በግራ በቀኙ ጨርቅ እየቀጠለ ሦስት ጊዜ አሰፋው። ግዛቱ የሰፋለት ንጉሥ እንኳ እንደኔ አልተወደሰም።

ኋላ ጥማት መጣ፤ ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አልኩ። ነርሷ ሲስተር አረጋሽ ጣቴን ወግታ ብታይ ስኳሬ ከበሽታው ደጃፍ ደርሷል። ጥፋቱ የመድኃኒቱም የገንፎውም ነው አለችኝ። እኔም በንዴት መድኃኒቱን ገደል ልወረውረው ቆረጥኩ።

«ወርውረው» አለችኝ፣ «ድምፆቹ ሲመለሱ አንተም ከነቦርጭህ ትከተለዋለህ።»

መድኃኒቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ጎንደር ላከችኝ፤ ሐኪሙም እንደዚያኛው በማያወፍር መድኃኒት ቀስ በቀስ ቀየረልኝ። ስኳሩን ተውኩ፤ በየማለዳው መራመድም ታዘዘብኝ። የመረጥኩት መንገድ ያው የሊማሊሞው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቻላቸው አይሱዙውን ከፊቴ ገትሮ ወረደና እጄን ጨበጠኝ።

«ሀሚዴ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ጠራህ?»

«ሲስተር አረጋሽ።»

መች አምኖኝ፤ ደውሎ አረጋገጠ።

እነሆ አሁን አሥራ ሦስት ኪሎ ወርዷል፤ ስኳሬም በባዶ ሆድ ተለክቶ እንደ ሰው ሆኗል። ድምፆቹ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ይህን ድል ስቀዳጅ ታዲያ ገበያው «ምነው ጠወለግህ? አመመህ እንዴ?» እያለ ያጽናናኛል። ጎረቤት እማን ሊጠይቅ ይመጣል፤ እሷም የሰባ በግ አሳርዳ ቦርጬን ልታስነሳው ደፋ ቀና ትላለች። ይባስ ብላ መድኃኒቱን ተው ትለኝ ጀምራለች። እኔ የምፈራው ይህን ብቻ ነው። ስለዚህ አደራሽን፣ ያዳነው መድኃኒቱ ነው፣ መክሳቱም ጤና ነው በያት። እኔን አታምንም፤ ከጅዳ የመጣ ነገር ግን ሁሉ እውነት ነው ትላለች።

ሙጃሂድ የቀጠለውን ጨርቅ ሁሉ ፈቶታል። ከቁርጥራጩም የመድኃኒት መያዣ ከረጢት ሰፋልኝ፤ ቦርጬ ይኖርበት በነበረው ጨርቅ ውስጥ አሁን መድኃኒቴ ይኖርበታል።

ለአነስ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ሀናንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሰልሰቢልን ደግሞ «ትራስ» ብላ ስትተኛበት የነበረው የአጎቷ ሆድ ስለፈረሰ ስትመጣ ትራሷን ይዛ እንድትመጣ ንገሪያት።

ወንድምሽ ሀሚድ
ደባርቅ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.