የወለላን ስም ማን ነገረው

ለምወድህ ወንድሜ ለእንዳልካቸው፤

እንደምን ከርመሃል? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ምግቡስ ይስማማሃል ወይ? ሞተርህስ ደኅና ናት? እሷን ከራስህ አስቀድመህ እንደምትንከባከባት ስለማውቅ ነው የጠየቅሁህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገንና በሕይወት አለን። ይህን በስልክ ያልነገርሁህ እማ ከአጠገቤ ሆና ስለምትሰማ ነው።

ባለፈው ክረምት ማኪናው ሲገለበጥ ወንድማችን ማሩና ጎረቤታችን ወንዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደነበር ታውቃለህ። ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ተመቱ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ስተው ጎንደር ሆስፒታል ገቡ። ዛሬ ወንዴ ገበያ ወጥቶ ጤፍ እየሸጠ እንደ ድሮው ሰው ያታልላል። ማሩ ግን ቁስሉ ድኖ፣ ሰውነቱም ወፍሮ፣ እሱ ራሱ አልተመለሰም። ሚስቱን ሸዋረጋን "እመቤቴ፣ የማን ቤት ነሽ?" ይላታል። እሷም በትሕትና ትመልስለትና ወጥታ ታለቅሳለች።

በቀደም ከእማና ከሸዋረጋ ጋር ሆነን ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ እማ "ሸጋ ልጅ" ብላ ወደደቻት። አንድ ዓይነት ምት የደረሰባቸው ሁለት ሰዎች እኩል እንደማያገግሙ ነገረችን፤ ዕድሜውም፣ የጉዳቱ ቦታም ይለያል፣ ከወላጅ የሚወረስ ነገርም ድርሻ እንዳለው እየተጠና ነው አለች። ከዚያ እማን በቤተሰባችሁ የሚወረስ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እማ አንገቷን ደፍታ "ውላጅ አለብን" አለች፤ ከዘር ወደ ዘር ስለሚወርደው ዛር የጠየቀቻት መስሏት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ሐኪሟ ግን ሳትስቅ "ማን ላይ ታይቷል?" አለቻት።

ያን ጊዜ እማ እስከ ዛሬ የደበቀችንን አወጣችው። አባቷ፣ አያታችን አለምነህ፣ በጉልምስናው ከበቅሎ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቶ ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ ሰውየው አልተመለሰም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጥሩ ሥር ቆሞ፣ ግራ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ያን ዕለት ገደል የገባችውን በቅሎ "ወለላ፣ ነይ ወለላ" እያለ እስኪሞት ድረስ ይጠራት ነበር።

እኔና ሸዋረጋ ተያየን። ማሩ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አጥር ሥር፣ ግራ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወለላ የምትባል ይጠራል። እኛ የድሮ ወዳጁ መስላን ሸዋረጋ በቅናት ስትቃጠል ከርማለች። እማ ለካ ከመጀመሪያው ቀን አውቃ ስሙን ላለማንሳት ዝም ብላ ኖሯል። አያታችን የሞተው ማሩ ሳይወለድ ነው።

ሐኪሟ፣ ማሩ ልጅ ሳለ ስሙን ከሰው ሰምቶት ይሆናል አለች። እማ ግን ያን ስም ከቀብሩ ወዲህ በቤታችን ማንም አንስቶት አያውቅም ብላ ማለች። ስለ ውርሱም ሐኪሟ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ፍርድም አይደለም፤ ቢሆንም ሌሎቹ ልጆችሽ ጭንቅላታቸውን ቢጠብቁ ይሻላል አለቻት። እማ ውላጅ ትላለች፣ ሐኪሟ ውርስ ትላለች። እኔ የቱን እንደምፈራ አላውቅም፤ ሁለቱም ግን አንተንም ይጨምራሉ።

የላክህልኝን ፎቶ አይቻለሁ። ሞተርህ ላይ ጉብ ብለህ፣ ራስህን በነጭ ሻሽ ጠምጥመህ ሙሽራ መስለሃል። ምነው፣ ሄልሜት የሚባል ነገር ጁባ የለም ወይ? ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም።

እማ በሥላሴ ስም እየመረቀች ትስምሃለች። ሸዋረጋ ናፍቆቷ ብዙ ነው። ወንዴ፣ ስትመጣ ጤፍ በርካሽ እሸጥልሃለሁ ብሏል፤ አትመነው።

የማሩን ሰላምታ እንዴት እንደምጽፍልህ አላውቅም። ትናንት ከአጥሩ ሲመለስ "እንዳልካቸው" አለ። ከአደጋው ወዲህ የማናችንንም ስም ጠርቶ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። እንዳልካቸው ምን ሆነ አልሁት። "ወለላን አገኛት፤ ራሱን በነጭ ጠምጥሞ፣ ተቀምጦባት እየመጣ ነው" አለኝ።

ወንድሜ፣ ከዚያች ሞተር ውረድ።

እህትህ ባንቺአየሁ
ድብ ባሕር፣ የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.