ሙሽራይቱን በመጨረሻው ረድፍ ስላስቀመጡልን

ለተከበሩ ጓድ አድማሴ
የቀበሌያችን ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የእርስዎ ጤና የቀበሌው ጤና መሆኑ በየስብሰባው ስለሚነገረን፣ እርስዎ ደኅና መሆንዎን በሰማን ቁጥር እኛ የታመምነው በስሕተት እንደ ሆነ ተረድተን እንጽናናለን። ይህ ደብዳቤ ግልጽ መሆኑም እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ግልጽ የሆነው ፖስታ በመጥፋቱ ብቻ ነው። በማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ የለጠፍኩትም፣ በቀበሌያችን ማንበብ የሚችለው ሰው ከእርስዎና ከእኔ በቀር እምብዛም ስለሆነ፣ ምስጢርነቱ እዚያ ይበልጥ ይጠበቃል በማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚያስተዳድሩ ስለሆኑ ምናልባት ከረሱኝ፣ ውበቱ እባላለሁ። ተማሪዎቹ በረሃቡ ተበትነው ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጾሙ ሊገባ ሲል የተዳረችው የሐረግ ንጉሡ አጎት ነኝ። ወንድሜ ንጉሡ፣ መጽሐፍ ያነበበ ሰው መቀመጫ መምረጥ አያቅተውም ብሎ የእንግዶቹን አቀማመጥ ለእኔ ሰጠኝ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ስለ መቀመጫ የሚሉት ባይኖርም፣ ሥራ ከፈታሁ ወዲህ የተሰጠኝ ብቸኛ ሹመት ስለ ነበር ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

በዚህ ዓመት ሰርግ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽራው ካሳ፣ አቀስታ ወገን ያሉት የአቶ አሻግሬ ልጅ ነው። በዚያ በኩል ደጋው ላይ ጥቂት ገብስ ተገኝቷል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የተስማሙት፣ ቀሚሱና ጥልፉ ቀርቶ ጥሎሹ ገብስ እንዲሆን ነው፤ ልጅቱ ወደዚያ ሄዳ ትብላ፣ ገብሱ ወደዚህ መጥቶ አባትና እናቷን እስከ ክረምት ያድርስ። ሰርጉ ይኸው ነው። ያ ቅዳሜ ካለፈ ጾም ይገባል፣ ጾም ከገባ ሰርግም ገብስም ለፋሲካ ይቀጠራሉ፤ አልታየች የምትባለው የልጅቱ እናት ለፋሲካ መድረሷን ደግሞ ዋስ የሚሆነን ሰው አላገኘንም።

እንግዲህ አቤቱታዎቼን፣ ወይም ምስጋናዎቼን፣ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቆዳው። ቀድሞ ዳስ ሲጣል መሬቱ ላይ ሳር ይጎዘጎዝ ነበር። ዘንድሮ ሳር እንኳን ለሰው መቀመጫ ለከብቱ ምግብም አልተገኘም፤ ከዚህም የተነሣ ከብቶቹ ራሳቸው ለመቀመጫነት ደርሰውልናል። በቀበሌያችን የቆዳ ምንጣፍ እጥረት ጨርሶ መወገዱን በሪፖርትዎ ቢያካትቱት ማንም አያስተባብልም። ከየቤቱ እየተዋስኩ በዳሱ ዙሪያ አነጠፍኩት። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ የየራሱን በሬ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ዳሱን ሲያግዙን የዋሉት ጎረቤታችን አቶ ጀብሪል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ ቆዳ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። በሬዬ ቦራ ነው አሉ። እሳቸውም አልተቀመጡበት፣ ሌላም ሰው አላስቀመጡበት፤ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ጅራፉን እንደያዘ ሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከእሳቸው በኋላ የመጣውም ሁሉ መቀመጫውን ትቶ የበሬውን መልክ ይፈልግ ጀመር።

ሁለተኛ፣ ስለ ረድፉ። እርስዎ በዋዜማው ደርሰው ይህን ችግር በአንድ ቃል መፍታትዎን ወንድሜም እኔም እስከ ዕለተ ሞታችን፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ፣ እናስታውሰዋለን። ቆዳው ይነሣ አሉ። ክብ አቀማመጥም ያለፈው ሥርዓት ርዝራዥ ነው አሉ፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየሆነ ሰውን ያበላልጣል፣ ደግሞም ለሚናገር ሰው መቆሚያ የለውም። «ፊት ለፊት የሌለው ስብሰባ ወዴት ይመራል?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ ያጣሁት ሳላስብበት ቀርቼ ሳይሆን፣ ሰርግ ወዴት እንደሚመራ ከዚያ በፊት ተጠይቆ ስለማያውቅ ነው። ለሽማግሌዎቹ የተሠራውን መደብ አስፈረሱ፤ ለሙሽሮቹ የተለየ መቀመጫ እንዳይኖር አዘዙ፤ ዘመድ ከፊት ከተቀመጠ አድልዎ ነውና ቤተሰቡ፣ ሙሽራይቱ ጭምር፣ በመጨረሻው ረድፍ እንዲሆን ወሰኑ። በዚህ ሳይወሰኑ ከእህል መጋዘኑ ሸራውንና ጠረጴዛውን በራስዎ ሰው አስመጥተው ከፊት ዘረጉልን። ከፍ ዝቅ የሌለበት ሰርግ ተመኝተው ነበር፤ ተሳክቶልዎታል፤ ሁላችንም ዝቅ ብለናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ተጋባዦቹ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ወደ መካነ ሰላም የሚወርደው መንገድ በወንድሜ ደጃፍ እንደሚያልፍ እርስዎም ያውቃሉ። ገበያው ከተፈታ ወራት ቢሆነውም ሰው በልማድ ይሄዳል። መንገደኛው ቀና ሲል ያየው ምንድን ነው? ሸራው፣ ያ ጠረጴዛ፣ በገመድ የተሰመረ ረድፍ፣ ከጠረጴዛውም ኋላ እርስዎ። ላለፉት ወራት ይህ አራት ነገር አንድ ላይ የታየበት ቦታ እርዳታ የሚታደልበት ብቻ ነበር። ስለዚህ ገብቶ ተቀመጠ። ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰው ከሰልፍ እንደሚወጣ ሕዝባችን ተምሯል፤ መጀመሪያ መቀመጥ ነው። ስልቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የእርዳታ ካርዱን በጥርሱ ይዞ፣ ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ እየሞላ መጣ። የተጠሩት እንግዶች እንደ ሰርግ እንግዳ ወግ አርፍደው ሲደርሱ ከኋላ ተጠጉ። ቤተሰቡ ቀድሞም የተመደበለትን አልለቀቀም።

እኔ መቀመጫ አስተናባሪ እንደ መሆኔ፣ ነገሩን ለማስረዳት ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄጄ ነበር። ሀጀራ የሚባሉ አንድ ባልቴት ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ፣ ይህ እኮ ሰርግ ነው፣ የሚታደል የለም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ሰርግ ከሆነማ አብሽሩ፣ አላህ ያሳምርላችሁ» አሉኝ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛ ግን ልጄ፣ ተቀምጠናል» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ተነሡ ልል አፌን ከፍቼ፣ ወዴት ይሂዱ እንደምል ስላላወቅሁ ዘጋሁት።

አራተኛውን አቤቱታ ከጻፍኩት በኋላ ቀድጄዋለሁ። ቁጥሩ ግን ቦታውን ይዞ ይቆይ።

አምስተኛ፣ ስለ አቀባበሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሙሽራውና አጃቢዎቹ ከእነ በቅሎዎቻቸው ብቅ አሉ። ጆንያው በበቅሎዎቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። ከፊተኛው ረድፍ አንዱ መጣ አለ፤ ሁሉም መጣ፣ መጣ ተባባለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጉልበት የሌለው እጅ ሁሉ አጨበጨበ። ሙሽራና አጃቢ በቦረና ምድር እንዲህ ያለ አቀባበል አይቶ እንደማያውቅ እመሰክራለሁ። አብረው የመጡት የሙሽራው አባት አቶ አሻግሬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይህ ሁሉ የልጅቱ ዘመድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ዛሬ አዎ አልኳቸው። ጭብጨባው ለልጃቸው መሰላቸው፤ እርስዎ ደግሞ ለራስዎ መሰለዎት፤ በጨዋነት ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥተው እጅዎን አወዛወዙ። ጭብጨባው ለጆንያው እንደ ነበር የሚያውቁት የሚያጨበጭቡት ብቻ ነበሩ።

ስድስተኛ፣ ስለ ንግግርዎ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእጃችን የወጣው። እርስዎ እህሉ መንገድ ላይ ነው እያሉ ከጥር ጀምሮ ቃል ሲገቡ ቆይተዋል፤ እነሆ እህል ከፊትዎ ተራግፏል፣ ሕዝቡም በረድፉ ተቀምጧል። ይህ የሰው እህል ነው፣ ጥሎሽ ነው ብሎ ለዚያ ሁሉ ዓይን መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አልክድም፤ እኔም ሞክሬው አልቻልኩም። እርስዎ ግን ዝም አላሉም፤ ተናገሩ። ስለ ተፈጥሮ መዛባት፣ ስለ ትግሉ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ተናገሩ፤ በእኛ ዘንድ ከእህል በፊት ምንጊዜም ንግግር ስላለ፣ ጥርጣሬ የነበረውም ሰው ያኔ አመነ። በመጨረሻም «በየረድፋችሁ ቆዩ፤ ሁሉም ይደርሰዋል» አሉ። ከዚያ ወዲያ የቀረው በራሱ ሄደ። አቶ አሻግሬ ጥሎሽን ለእንግዳ ፈትቶ ማካፈል የአገሩ ወግ መስሏቸው፣ በአማች ደጃፍ ነውር እንዳይሆንባቸው ብለው፣ የጆንያውን አፍ በገዛ እጃቸው ፈቱት። መስፈሪያ ጣሳውን ያቀበሏቸው እርስዎ ነዎት። ወንድሜ ንጉሡ ከመጨረሻው ረድፍ ሊነሣ ሲል የእርስዎ ታጣቂ በትከሻው ይዞ አስቀመጠው፤ አድልዎ እንዳይሆን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም።

ሚዜዎቹ ሙሽራ ፍለጋ በየረድፉ መሐል ሲዞሩ ነበር። የተለየ መቀመጫ ለካ ለክብር ብቻ አይደለም፤ ሙሽራይቱ የትኛዋ እንደ ሆነች ለማወቅም ያገለግል ነበር። ልጃገረዶቹ ሁሉ በአንድ መልክ ከስተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ስልቻ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሐረግንም ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ እሷም ስልቻ ታቅፋለች። ተነሺ፣ ሰዎቹ ውርጩ ሳይጥል ማደሪያቸው መድረስ አለባቸው አልኳት። «ለእናቴ ሳልቀበል አልነሣም» አለች። ልጄ፣ ይህ እኮ የራስሽ ጥሎሽ ነው ብላት፣ ታዲያ የባሰው እኮ እሱ ነው ብላ ዓይኗን ከጣሳው ላይ ሳትነቅል መለሰችልኝ።

ካሳ መጣ። ፊቷን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ምን እንደሚጠበቅ አልጠየቀም፤ አጠገቧ ተቀመጠ። ከጎን ያሉት ሴቶች፣ ኋላ የመጣ ኋላ ነው ብለው ወደ ዳር ገፉት፤ ተገፍቶ እዚያ ተቀመጠ። ሁለቱ ሙሽሮች በአንድ ረድፍ ሁለት ጫፍ ሆነው የገዛ ገብሳቸውን ወደፊት እያዩ ሲጠብቁ፣ መደረግ የሚገባው ምርቃት ሊጀመር ነው ብዬ ሽማግሌዎቹን ፈለግሁ። እነሱም በየረድፉ ተበትነው ነበር፤ የቀዳሚው ቦታ ስለ ፈረሰ፣ ማን ቀድሞ እንደሚመርቅ አንዱ ሌላውን ያይ ነበር።

ገብሱ እኛ ዘንድ ሊደርስ ሁለት ረድፍ ሲቀረው አለቀ። እርስዎ የሚቀጥለው ዙር በቅርቡ ነው ብለው አስታወቁ።

ሐረግ አልተነሣችም። አቶ አሻግሬ ፀሐይዋን ያያሉ፤ ከበቅሎዎቹ አንዷ ተኛች። ልጅቱ ዛሬ ካልተነሣች አትሄድም፤ ካልሄደች ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ የእኔ «ተነሺ» ግን አላስነሣትም። ያኔ እናቷ አልታየች ወደ ጓሮ ጠራችኝ። ባዶ ስልቻ አውጥታ ያዝልኝ አለችኝ። አፉን ከፍቼ ያዝኩላት። ከመሬቱ ደቃቅ ጠጠር በእፍኟ እየጠራረገች ሞላችው፤ ሲዳሰስ ገብስ ነው። አስራ፣ ወገቧን ይዛ፣ በረድፉ መሐል ወደ ሐረግ ይዛው ሄደች። «በወዲያኛው በኩል ሰጥተውኛል» አለቻት። «ይበቃናል። አሁን ተነሺ።» ሐረግ ስልቻውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መዘነችው። ክብደቱ ደስ አሰኛት መሰለኝ፤ ተነሣች። የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ካሳ ካለበት ጫፍ ሄዳ፣ በቅሎ ላይ ወጣች።

ስለዚህ ሰርጉ ተፈጽሟል። ለዚህም እርስዎን ማመስገን ግዴታዬ ነው። ስለ መቀመጫ የነበረን ጭንቀትም ከዚያ ቀን ወዲህ ተቃሏል፤ አልታየች መቀመጥ ትታለች፣ አሁን መተኛት ብቻ ነው። ንጉሡም አጠገቧ ነው። እኔ በበኩሌ የምጠይቀው ነገር ምን እንደ ሆነ እስከዚህ እየጻፍኩ ስፈልገው ቆይቼ አላገኘሁትም። የሄደው ይመለስልን እንዳልል የሚመለስ የለም፤ ይሰጠን እንዳልል ረድፋችን የመጨረሻው ነው።

ከወገቤ በላይ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ ከወገቤ በታች ግን እንዳዘዙኝ በረድፌ ቁጭ እንዳልኩ፣ ለክቡርነትዎ ረዥም ዕድሜ፣ ለጠረጴዛዎ ጽኑ እግር፣ ለንግግርዎ አዳማጭ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎና የቀድሞ መቀመጫ አስተናባሪ
ውበቱ
መጋቢት ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ከአቀስታ የመጣ አንድ ነጋዴ የሐረግን ቃል አደረሰን። ደኅና ናት፤ ትበላለች። እናቴ ገብሱን እንዴት አደረገችው፣ ሁሉንም እንዳትበላው፣ ለዘር ትንሽ ታስቀር ብላለች። ነጋዴው ነገ ማለዳ ይመለሳልና መልስ ይጠብቃል። አልታየች ንገሯት አለች፣ ምን እንደሚነገራት ግን አላለችም። የእኔን ጽሕፈት ልጅቱ ታውቀዋለች፣ ስዋሽም ታውቃለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ገብሱ ለሁሉም እንደሚደርስ እርስዎ በዚያ ዕለት ስለ ተናገሩ፣ መልሱን እርስዎ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይላኩልን።