የጋሽ አካለ ወልድ ጋቢ በግራ ትከሻ የዋለ ዕለት

ይድረስ ለክቡር አቶ መሳፍንት፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ራስዎን ባመመዎት ቀን ሠላሳ ስምንት ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ ስለሚውል ነው። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ቁርስዎ የተስማማዎት፣ ከበላይ የሚደወልልዎት ስልክም ሁልጊዜ የምሥራች እንዲሆን የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ ከልቧ ትመኛለች።

በዚህ ጤና ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት ካርድ ሳወጣና ሳስገባ ድምፄን የሰማ ሰው ብዙ አይደለም። ዝምታዬን እንደ መልካም ሥነ ምግባር ቆጥረው በየግምገማው ስላመሰገኑኝ ባለውለታዎ ነኝ። አሁን ግን የክትባት ክፍሏ ፍቅርአዲስ ከሥራ እንድትሰናበት ለሰኞው የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚቀርበውን ወረቀት በምስክርነት እንድፈርም ልከውልኛል። ለፊርማዬ የተተወልኝ ቦታ ለማውቀው ነገር ስላልበቃኝ በዚህ ላይ ልጽፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው ምስጋናዬን ላቅርብ። ባለፈው ወር ስሜትና አመለካከት በሥራ ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ሁለት ቀን ሙሉ አስተምረውናል። ፈገግታ ግማሽ መድኃኒት መሆኑን ያስረዱን በነበረበት ሰዓት፣ ከማዋለጃ ክፍል ዘግይታ የመጣችውን ነርስ በሩ ላይ አቁመው ሩብ ሰዓት ያህል ስለተቆጧት፣ ትምህርቱ በቃል ብቻ እንዳልቀረ ሁላችንም በደብተራችን አስፍረናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጋቢው ልናዘዝ። ከሦስት ዓመት በፊት የጽዳት ሠራተኛችን ይታይሽ ወለሉ እርጥብ ነው ተብላ በበሽተኞች ፊት የተሰደበች ዕለት፣ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እንደወጣች አልተመለሰችም። በሌላ ሰው እንዳይደገም ብዬ ዘበኛችንን ጋሽ አካለ ወልድን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ጠዋት በር ሲከፍቱልዎት እርስዎ ሰላምታቸውን ከመለሱላቸው ጋቢያቸውን በቀኝ ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ካልመለሱ በግራ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሠራተኛ የዕለቱን አየር ሳያይ ግቢ አይገባም። ቀኝ ከሆነ የፈቃድ ወረቀት ይቀርብልዎታል፣ የጎደለ መድኃኒት ይነገርዎታል። ግራ ከሆነ ግን ሁሉም በየክፍሉ ተሸሽጎ ይውላል። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፍቅርአዲስ የክትባቱን ፍሪጅ ስታይ ሙቀት መለኪያው ስምንት ዲግሪ ደርሷል። ከስምንት ካለፈ ክትባቱ እንደሚበላሽ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የጀነሬተሩ ቁልፍ ግን በእርስዎ መሳቢያ ነው። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን መብራት ወዳለበት ወደ ሉማሜ ሊያደርስ የሚችለው ሞተር ሳይክልም ያለ ፊርማዎ ከቦታው አይነሳም። በዚያን ዕለት ጋቢው በግራ ትከሻ ነበር።

ልጅቱ ሦስት ጊዜ በርዎ ድረስ መጣች። መጀመሪያ ስልክ ላይ ሲጮኹ ሰምታ ተመለሰች። ቀጥሎ የፋርማሲው አበባው ፊቱ አመድ መስሎ ከቢሮዎ ሲወጣ አገኘችው። በሦስተኛው ለማንኳኳት እጇን አንስታ አወረደችና ወደ እኔ ክፍል መጥታ በካርዱ ክምር ላይ ተቀመጠች። «እትዬ አሰገደች፣ አሁን ብገባ የሚታየው ፍሪጁ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ትንሽ ይብረድላቸው» አለችኝ። እኔም ዕድሜ ይስጠኝና፣ «እንግዲያው ይብረድላቸው» አልኳት። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ እስኪበርዱ ድረስ ፍሪጁ ሞቀ። እኩለ ቀን ላይ አሥራ አራት ሆነ።

ውጭ ሃያ ሁለት እናቶች ተቀምጠው ነበር። ከደብረ ኤልያስ መንገድ ማዶ ሦስት ሰዓት በእግሯ የመጣችው የብርጓል የምትባል እናት የዘጠኝ ወር ልጇን ኩፍኝ ልታስከትብ ነበር። ክትባቱ መበላሸቱ ሲነገራት አልተቆጣችም። ኃላፊ የላችሁም ወይ ብላ ጠየቀች። አሉ ተባለች። «ታዲያ አልነገራችኋቸውም?» አለች። ልጇን መልሳ አዝላ ሄደች። የልጁ ካርድ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የኩፍኙ መስመር ባዶ ነው።

አራተኛ፣ ወረቀቱ ፍቅርአዲስ «በአመለካከት ችግር ምክንያት ኃላፊውን በወቅቱ አላሳወቀችም» ይላል። የአመለካከት ችግር መኖሩን እኔም እመሰክራለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው የተሳሳተ ይመስለኛል። ሹፌራችን አንተነህ እንደነገረኝ፣ እርስዎም የበላይ አለቃዎ ዘንድ ሲጠሩ ከመግባትዎ በፊት ጸሐፊዋን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ዛሬ እንዴት ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ እንግዲህ ጸሐፊ ስለሌለን ጋቢ አለን። ያችን ልጅ በርዎ ላይ ምን እንዳቆማት ከእርስዎ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሰው አለመኖሩን ሳስብ፣ ወረቀቱን መፈረምዎ ያስደንቀኛል።

ስለዚህ አልፈርምም። ስድስት ዓመት አንዲት ጠብታ ያላባከነች ልጅ በፍርሃት ከተባረረች፣ ምልክቱን ያወጣሁት እኔ ነኝና ስሜን ከስሟ በላይ ይጻፉልኝ። ጋሽ አካለ ወልድም የሳቸው እንዳይቀር አደራ ብለውኛል። ክሱ የሚቀር ከሆነ ግን ልመናዬ ትንሽ ናት፤ የጀነሬተሩ ቁልፍ ከመሳቢያዎ ወጥቶ ክትባት ክፍል ግድግዳ ላይ በሚስማር ይሰቀል። ሚስማሩን እኔ አመጣለሁ። ሚስማር ሰው አይቆጣም።

ፊትዎ በበራበት ቀን እንደሚመልሱልኝ ተስፋ እያደረግሁ፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ጀርባ ሆኜ እጅ የምነሳ፣

አሰገደች እንዳላማው

ተጨማሪ፦ ይህን በእስክሪብቶ የጨመርኩት ዓርብ ነው። ደብዳቤውን ረቡዕ ጠዋት ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሠራተኛው ሁሉ አንብቦታል። ተራ የሚጠብቁ አንድ ቄስ ፊደል ለማያውቁት ሁለት ጊዜ አንብበውላቸዋል። እርስዎም ቀና ብለው ሳያዩት በአጠገቡ ስድስት ጊዜ አልፈዋል፤ ጋቢው ግን ሦስቱንም ቀን በግራ ስለነበር የነገረዎት የለም። ምናልባት አሁን ይህን እያነበቡ ከሆነ፣ አንድ ሰው ደፍሮ በርዎን አንኳኩቷል ማለት ነው። እባክዎ፣ እሱን ደግሞ ሰኞ ኮሚቴ ፊት እንዳያቀርቡብን።